ቲማቲሙ ለገበያ፣ ሽሮው ለቤት?



የዚህ ወር የገበታ ዐምዳችን ከወረታ ከተማ በደረሰን አንድ ደብዳቤ ላይ ያተኩራል። ጸሐፊዋ የአራት ልጆች እናት ናቸው። ባለቤታቸው በጉማራ ወንዝ ዳር በሞተር ውሃ እየሳቡ ሽንኩርትና ቲማቲም ያለማሉ። ከአረብ ሀገር በቅርቡ የተመለሰች የእህታቸው ልጅ ቤታቸው አርፋለች። ይህች ልጅ ታዲያ በስልኳ የምታሳየው ነገር ቤተሰቡን ሁለት ወገን አድርጎታል። እሳት የነካው ምግብ ሁሉ ጥቅሙ የሞተ ነው፣ ጤና የሚገኘው ከጥሬ አትክልትና ፍራፍሬ ብቻ ነው የሚሉ ሰዎች ትምህርት ነው። አማትየው በበኩላቸው «ቅጠል መብላት የከብት ነው» ብለው ከማዕዱ ተነስተዋል። በዚህ መሐል የ14 ዓመት ልጃቸው ድካም እየተሰማት ጤና ጣቢያ ሄዳ ደም ማነስ እንዳለባት ተነግሯት ኪኒን ታዞላታል። እህታችን «ድስቱን ልጣደው ወይስ ልተወው? ማንን ልስማ?» ሲሉ ይጠይቁናል።

መልሳችንን አስቀድመን እንናገር። ድስቱ ይጣድ፤ አጠገቡ ግን በየቀኑ አንድ ሰሐን ጥሬ አትክልት ይቅረብ። የልጅቷም ኪኒን አይቋረጥ። ይህን ካልን በኋላ ምክንያቱን በዝርዝር ለማየት እንሞክራለን።

እንደሚታወቀው በሀገራችን «ጥሬ» ሲባል ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው ሥጋ ነው። ለጥሬ ሥጋ የምንደፍረውን ያህል ለጥሬ ካሮት አንደፍርም፤ ኮሶ የሚያስይዘን ግን የመጀመሪያው ነው። አትክልትን በተመለከተ ደግሞ ልማዳችን ቁሌት ማድረግ ወይም እስኪሟሟ መቀቀል ነው። ጥሬውን የምናውቀው በቃሪያ ስንግ፣ በቲማቲም ፍትፍትና በእሸት ብቻ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የሚያስገርመው ይህ ልማድ አትክልት በሚትረፈረፍበት በፎገራ ሜዳ ጭምር መታየቱ ነው። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚጓዝ ሰው በበጋ ወራት ወረታን ሲቃረብ በመንገዱ ዳር የተከመረውን ቀይ ሽንኩርት ሳያይ አያልፍም። ይህ ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ የተዘረጋ ሜዳ በክረምት ውሃ ይተኛበታል፤ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ የገባው ሩዝም ይህንኑ ውሃ ተጠቅሞ ተስፋፍቷል። ክረምቱ ሲወጣ ደግሞ የርብና የጉማራ ውሃ በሞተር እየተሳበ ሽንኩርትና ቲማቲም ይለማል። ምርቱ በጆንያና በሳጥን ሆኖ በመኪና ይጫናል። ዋጋው በወደቀበት ዓመት ቲማቲሙ ለቀማው ወጪውን አይሸፍንም ተብሎ ከነተክሉ የሚቀርበት ጊዜ አለ። በአልሚው ቤት ማዕድ ላይ ግን ከእንጀራና ከሽሮ ሌላ ነገር ብዙ ጊዜ አይታይም። ገንዘብ የሚያወጣ ነገር ለገበያ መሆኑን አንነቅፍም፤ የልጆች ደብተርና ጫማ የሚገዛው ከዚያው ነው። ነገር ግን የማይሸጠው፣ የተጫነውና የበሰበሰው ሳይቀር ከቤት ውስጥ ሰሐን ቀድሞ ቦታ ማግኘቱ ሊያሳስበን ይገባል።

ወደ ልጅቷ ደም ማነስ እንመለስ። ደም ብረት የተባለውን ንጥረ ነገር ይፈልጋል። ጤፉም፣ ምስሩም፣ ሽሮውም ብረት አላቸው። ችግሩ ከእህልና ከጥራጥሬ የሚገኘውን ብረት ሰውነታችን በቀላሉ የማይቀበለው መሆኑ ነው፤ እህሉ ውስጥ ያሉ ሌሎች ነገሮች ይዘው ያስቀሩታል። ይህን ቁልፍ ከሚከፍቱት አንዱ ቫይታሚን ሲ ነው። ይህ ቫይታሚን ደግሞ እሳት ሲነካው ይቀንሳል፤ ከመቀቀያው ውሃ ጋርም ይደፋል። ስለዚህ አንድ ጥሬ ቃሪያ፣ አንድ ቲማቲምና የግማሽ ሎሚ ጭማቂ ከሽሮው ጋር በአንድ ማዕድ ሲበሉ ሽሮው ራሱ የበለጠ ይጠቅማል ማለት ነው። በአንድ ማዕድ የሚለውን አደራ እንላለን፤ ጠዋት የተበላ ቲማቲም የማታውን ሽሮ ብዙም አያግዘውም። በተቃራኒው ሻይና ቡና ብረቱን ስለሚይዙት ከምግቡ ጋር ወይም ወዲያው ተከትለው ባይጠጡ ይመረጣል። የቡናው ሥነ ሥርዓት ይቅር አላልንም፤ አንድ ሰዓት ያህል ይቆይ ነው ያልነው። ደም ማነስ ከምግብ ብቻ የሚመጣ ባለመሆኑም፣ የአንጀት ትልና ቢልሃርዝያ ጭምር ስለሚያስከትሉት፣ ልጅቷ ሰገራ ተመርምራ እንደሆነ እናትየው ጤና ጣቢያውን ቢጠይቁ መልካም ነው።

የእህታቸው ልጅ የያዘችው ትምህርት ታዲያ ሙሉ በሙሉ ስሕተት ነውን? አይደለም፤ ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ግን ቤተሰብን ይጎዳል። ደረቅ ባቄላና አተር ካልበሰሉ ለሆድ ይከብዳሉ፤ አንዳንዱ ጥራጥሬም በጥሬው መርዝነት አለው። የቲማቲም ቀይ ቀለምና የካሮቱ ለዓይን የሚበጅ ንጥረ ነገር እንዲያውም ለሰውነት የሚመቹት በስለው፣ በትንሽ ዘይት ሲቀርቡ ነው። የልጅ ሆድ ደግሞ ትንሽ ነው። በቅጠልና በፍራፍሬ ብቻ ከሞላ ለማደግ የሚያስፈልገው ኃይል የሚገባበት ቦታ አይተርፍም። ከእንስሳት ተዋጽኦ በቀር በበቂ የማይገኝ ቢ12 የተባለ ቫይታሚንም አለ። የፎገራ ላም በወተቷ በታወቀችበት ሀገር እየኖሩ ልጅን ከእርጎና ከአይብ መከልከል ምን ይባላል? ወተቱ ግን ይፍላ። እዚህ ላይ ከጥሬ ወገን አይደለንም።

አሁን ወደ ሰሐኑ እንግባ። ብዙዎች ሰላጣ አይጣፍጥም የሚሉት አንዱን ዓይነት ብቻ ስለሚያውቁ ነው፤ በቲማቲም፣ በሽንኩርትና በቃሪያ ይጀምርና እዚያው ያበቃል። እሱም ቢሆን በወጉ ሲሠራ የሚናቅ አይደለም። ሽንኩርቱ በቀጭኑ ይከተፍና በጨው ታሽቶ ለጥቂት ደቂቃ ይቆይ፤ ከዚያ በንጹሕ ውሃ ይለቅለቅ። ዓይን የሚያስለቅሰው ኃይሉ ይቀንሳል፤ ልጆችም ይደፍሩታል። ቲማቲሙ ጠንከር ያለው ይመረጥ። ሎሚው መጨረሻ ላይ ይጨመቅበት። ዘይት አንድ የሾርባ ማንኪያ ለመላው ቤተሰብ ይበቃል።

ጥቅል ጎመንና ካሮት ሁለተኛው ነው። ጎመኑ እንደ ክር ይቀጥን፣ ካሮቱ ይፈግፈግ፤ ጨውና ሎሚ ተደርጎበት ግማሽ ሰዓት ይቀመጥ። ጥርሳቸው የደከመ አባቶችና እናቶች እንኳ ሊበሉት እስኪችሉ ይለሰልሳል። ቀይ ሥር እንደ ካሮቱ ተፈግፍጎ ጥሬውን ይበላል፤ ሁልጊዜ መቀቀል የለበትም። የቆላ ሰሊጥ ወይም የተፈጨ ሱፍ ጣል ቢደረግበት ጣዕሙ ሌላ ነው። የሱፍ ፍትፍት የሚያውቅ ሰው ይህን ለመገመት አይቸገርም፤ የተጣራው የሱፍ ውሃ በሎሚ ተመትቶ ለማንኛውም ሰላጣ ማጣፈጫ ይሆናል። አይብም ከተከተፈ ቲማቲምና ቃሪያ ጋር ሲቀላቀል ለቁርስ ጭምር ይሆናል።

ከአረብ ሀገር የተመለሱ እህቶቻችን የሚያውቁት ሙያ ሊናቅ አይገባውም። ብዙዎቹ በሰው ቤት ጉልበታቸውን አፍስሰው የተማሩት ነው፤ እዚህ ሲመጡ ግን «ማን ይበላዋል?» ተብሎ ይቀራል። ታቡሌ የሚባለው የሻም ሀገር ሰላጣ በደቀቀ ስንዴ፣ በብዙ ቅጠል፣ በቲማቲምና በሎሚ የሚሠራ ነው። ስንዴው ከእኛ ቅንጬ የሚለየው በጥቂቱ ነው። ቅንጬው ፈላ ያለ ውሃ ፈስሶበት ተከድኖ ይለስልስ፤ ካልለሰለሰ ጥቂት ይቀቀል። ሲበርድ የድንብላል ቅጠል፣ ቲማቲምና ሽንኩርት በደቃቁ ይከተፍበት። ፈቱሽ የሚባለው ደግሞ በደረቀ ቂጣ ቁራጭ የሚሠራ ነው፤ በቂጣው ፈንታ ድርቆሽ ብናደርግበት ከቲማቲም ፍትፍታችን ጋር የአክስት ልጆች መሆናቸውን እናያለን። ድርቆሹ ግን ሊበላ ሲል ይጨመር፤ አስቀድሞ ከገባ ይበሰብሳል።

ስለ ጥሬ ሽንኩርት ስንጽፍ ሳናነሳው የማናልፈው ነገር አለ። ነጭና ቀይ ሽንኩርት በልቶ ወደ መስጂድ መምጣትን የሚከለክለው ሐዲስ በቡኻሪም በሙስሊምም ተዘግቧል። አንዳንድ ወጣቶች ይህን ሲሰሙ ሽንኩርት ሐራም ነው እስከ ማለት ይደርሳሉ። እንዲህ አይደለም። ረሡል (ሶ.ዐ.ወ.) አላህ የፈቀደውን ሐራም የማድረግ ሥልጣን እንደሌላቸው፣ የሚጠሉት ሽታውን መሆኑን ለሰሐቦቻቸው ገልጸዋል። ዑመር ኢብኑል ኸጣብም (ረ.ዐ.) በጁምዓ ኹጥባቸው መብላት የፈለገ ሰው አብስሎ ሽታውን እንዲያጠፋው መክረዋል። በሽንኩርት ሀገር ለሚኖር ሰው ይህ ቀላል ነገር ነው። የጁምዓ ቀን ምሳው ላይ ሽንኩርቱ ቀርቶ ጎመኑና ካሮቱ ይቅረብ፤ ወይም ሽንኩርቱ ለእራት ይቆይ። በሰላት ሰልፍ አጠገባችን የሚቆመውን ሰው ማስጨነቅ ተገቢ አይደለም።

አሁን ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ወደሚያሳስበን እንለፍ። በሀገራችን በልዩ ልዩ ከተሞች ገበያ በሚሸጡ አትክልቶች ላይ በተደረጉ ጥናቶች የወስፋትና የሌሎች ጥገኛ ትሎች ዕንቁላል በተደጋጋሚ ተገኝቷል። የሰላጣ ቅጠልና ጎመን መሬት ለመሬት የሚበቅሉ፣ ሽፋናቸው የተጨማደደ በመሆኑ ከሁሉም ይብሳሉ። እኛም ከዚህ ጥፋት ነፃ አይደለንም። አንድ የረመዳን ሰሞን እንግዶች ለኢፍጣር ጠርተን ሰዓቱ ስለደረሰብን የሰላጣውን ቅጠል በባልዲ ውሃ አንድ ጊዜ ነክረን አቀረብነው። ኮምጣጤ በዝቶበት ነበርና ንጹሕ ነው ብለን ተማምነናል። በማግስቱ ከእንግዶቻችን ሁለቱ በተቅማጥ ታመው ጾም ፈቱ፤ ቀዷውንም ከዒድ በኋላ አወጡ። ምንም አላሉንም። እኛ ግን እስከ ዛሬ ስናስበው እናፍራለን።

ኮምጣጤና ሎሚ ጣዕም ናቸው፤ የወስፋትን ዕንቁላል አይገድሉም። የሚጠቅመው የሚፈስ ውሃና ትዕግሥት ነው። በመጀመሪያ እጅ በሳሙና ይታጠብ። የጎመኑና የሰላጣው የላይ ቅጠሎች ይጣሉ፤ የቀሩት አንድ በአንድ ተለያይተው ፊትና ጀርባቸው እየታሸ በሚፈስ ውሃ ይታጠቡ። የቧንቧ ውሃ ከሌለ አንዱ ከጆግ እያፈሰሰ ሌላው ይጠብ፤ ይህ ለልጆች የሚሰጥ ጥሩ ሥራ ነው። የመጨረሻው ማለቅለቂያ ፈልቶ የበረደ ወይም በውሃ ማከሚያ የታከመ ውሃ ይሁን። ካሮትና ቀይ ሥር በብሩሽ ታሽተው ይላጡ። መክተፍ ከመታጠብ በኋላ ነው፤ ተከትፎ የታጠበ አትክልት ቆሻሻውን ወደ ውስጥ ያስገባል፤ ቫይታሚኑንም ያፈስሳል። ሥጋ የተከተፈበት መክተፊያና ቢላዋ ሳይታጠብ ለሰላጣ እንዳይውል። የተዘጋጀው በዚያው ማዕድ ይበላ እንጂ ለነገ አይደር።

ከዚህም በተጨማሪ ወቅትን ማወቅ ያስፈልጋል። በክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳውን ሲያጥለቀልቁ ጎርፉ መጸዳጃውንም ጉድጓዱንም አንድ ያደርጋል። በዚያን ጊዜ ጥሬ ቅጠል ማቅረብ ድፍረት ነው። ጎመኑ ይቀቀል፤ ጥሬ ካስፈለገ ሊላጥ የሚችለው፣ እንደ ሙዝና ብርቱካን ያለው ይመረጥ። የጥሬ ሰሐን ወቅቱ በጋ ነው፤ ሜዳውም ቲማቲሙን የሚሰጠው በበጋ ነው።

ሩዙ ከታጨደ በኋላ በቀረው እርጥበት ሽምብራና ጓያ ይዘራበታል። የሽምብራ እሸት እዚያው ማሳ ላይ ተፈልፍሎ ሲበላ ያላደገ የፎገራ ልጅ ይኖራል ብለን አናስብም። ተፈልፍሎ፣ ታጥቦ፣ ከቲማቲምና ከቃሪያ ጋር ሲቀላቀል ከተማ ውስጥ በውድ የማይገኝ ሰላጣ ነው። ጓያ ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በደምቢያና በፎገራ፣ በ1990ዎቹ መጨረሻም በወሎ ደላንታ ጓያ አብዝተው የበሉ ብዙ ሰዎች እግራቸው ሽባ ሆኗል። ከታመሙት ብዙዎቹ ወጣቶች ነበሩ፤ አንዴ የያዘው ሰው አይድንም። አንዳንድ ሰው በሽታው የሚመጣው ከእንፋሎቱ ወይም በማሳው ውስጥ ከማደር ነው ይላል። ምክንያቱ ግን በፍሬው ውስጥ ያለ መርዝ ነው። በደላንታ የተደረገው ጥናት እንዳሳየው በተለይ እሸቱን በጥሬው፣ እንዲሁም በንፍሮና በቆሎ መልክ አብዝተው የበሉት ለአደጋ ይበልጥ ተጋልጠዋል፤ ከእህል ጋር ተቀላቅሎ፣ ሽንኩርትና ቅመም ባለበት ወጥ መልክ የተበላው ጉዳቱ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ስለዚህ ልጆች እሸት ሊለቅሙ ሲወጡ ሽምብራውን ከጓያው መለየት ይማሩ። «ጥሬ ሁሉ መድኃኒት ነው» የሚለውን ትምህርት የምንፈራው ስለዚህ ነው።

የመጨረሻው ነገር ለባለቤትየው ነው። ሽንኩርትና ቲማቲም ተባይ ይበዛባቸዋልና መርጨት ግድ የሚሆንበት ጊዜ እንዳለ እናውቃለን። ይሁን እንጂ በየመድኃኒቱ ዕቃ ላይ ከተረጨ በኋላ ስንት ቀን ሳይለቀም መቆየት እንዳለበት ተጽፏል። ጽሑፉ በውጭ ቋንቋ ከሆነ የግብርና ባለሙያውን ወይም የሚማረውን ልጅ ያስነብቡት። ዛሬ ተረጭቶ ነገ የሚለቀም ቲማቲም ለራስ ልጅ የማይሰጥ ከሆነ ለሰው ልጅም አይሸጥም። ወደ ተክሉ ውስጥ የገባ መድኃኒት በማጠብ አይወጣምና ለቤት የሚሆን አንድ ሁለት መደብ፣ ከሚረጨው ራቅ ብሎ፣ ለብቻው ቢተከል ጥሩ ነው። እዚያው ላይ ሰላጣና ካሮትም ይዘራበት። የመድኃኒቱ ባዶ ጄሪካን ደግሞ ምንም ያህል ቢታጠብ ውሃ፣ ዘይት ወይም ወተት አይያዝበት። ዕቃ ነው፣ ይጠቅመናል ተብሎ በየቤቱ ሲቀመጥ አይተናልና ዝም ብለን ማለፍ አልሆነልንም።

አማትየውን በተመለከተ እህታችን ብዙ አይጨነቁ። ለእሳቸው ስሙን ሳይጠሩ በቀጭኑ የተከተፈውን ጎመን ከትኩስ እንጀራ ጋር ያቅርቡላቸው፤ የሽምብራ እሸቱንም ያክሉበት። እሸት የማይወዱ የፎገራ እናት ካሉ ይጻፉልንና ስሕተታችንን እናምናለን።

ረመዳን ሲመጣ ደግሞ ይህን ይሞክሩ። ረሡል (ሶ.ዐ.ወ.) ኪያርን ከእሸት ቴምር ጋር ሲበሉ መታየታቸውን ዐብዱላህ ኢብኑ ጀዕፈር (ረ.ዐ.) ዘግበዋል። ኪያሩ (በገበያ ኩከምበር የሚሉት) ታጥቦ ይላጥና በክብ በክቡ ይቆረጥ፤ ቴምሩ ፍሬው ወጥቶ ለሁለት ይከፈል። ሁለቱ በአንድ ሰሐን ይደርደሩ፤ ጨውም ዘይትም አይፈልጉም። ልጆች መጀመሪያ ቴምሩን ብቻ ለቅመው ይጨርሱታል፤ በሦስተኛው ቀን ኪያሩም ያልቃል።

በሚቀጥለው እትማችን ስለ ክረምት ምግብ እንመለሳለን፤ ኢንሻአላህ። ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላህ።